ለጎረመሰ ልጅ የአዋቂ ሒሳብ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለዕረፍት ለሚወጣ ቤተሰብ የአከፋፈል መመሪያ

ሴት ልጄ 12 ዓመት ከሞላት ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከደሴ ተነሣን፤ አዲስ አበባ አድረን በማግሥቱ በደቡብ በኩል ካለ አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ደረስን። ሪሴፕሽን ላይ የነበረው ወጣት የልጆቹን ዕድሜ ጠየቀ። ትልቁ 15፣ ትንሹ 7 ብዬ ወደ መካከለኛዋ ስደርስ ቀደመችኝና «12 ሞልቶኛል» አለች። በዚያች ቃል የሦስት ሌሊት እራቷ የአዋቂ ሆኖ ተመዘገበ። ልጄ ግን ሦስቱንም ማታ የበላችው አንድ ጭልፋ ሩዝና ጥቂት ፓፓያ ነው።

ገንዘቡ ቆጭቶኛል። ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ክፍላችን ከገባን በኋላ አብራን የመጣችው አክስቷ «ምናለ 11 ብትዪ?» ስትላት ልጄ አንገቷን መድፋቷን ነው። እውነት የተናገረች ልጅ እንደ ጥፋተኛ ተሸማቀቀች። ሆቴሉ አላታለለንም፤ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። ሳንጠይቅ የሄድነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ጉዞ ስናስብ ከአልጋው ዋጋ እኩል የምጠይቀው የምግቡን አከፋፈል ነው። ለጎረመሰ ልጅ የአዋቂ ዋጋ መክፈል አንዳንዴ ትክክል ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። የትኛው እንደሆነ መወሰን ያለበት ግን ከቤት ሳይወጣ በስልክ ነው፤ ልጅ አጠገብ ቆሞ እየሰማ ሪሴፕሽን ፊት መሆን የለበትም። እኔ የምከተለው አሠራር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ በሰው ቁጥር የሚከፈልበትንና በሣህን የሚከፈልበትን ለዩ

ደሴ ፒያሳ ወይም አራዳ አካባቢ ካለ ምግብ ቤት አምስት ሆናችሁ ገብታችሁ አንድ በየዓይነቱ፣ አንድ ሽሮና አንድ ተኩል ጥብስ ብታዙ ዕድሜ የሚጠይቃችሁ የለም። የሚከፈለው ለታዘዘው ምግብ ነው፤ አንድ ትሪ ከብቦ ማን ስንት እንደጎረሰ የሚቆጥር የለም። ልጅ ሲጎረምስ ድርሻው በራሱ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ትንሹ ደግሞ ከእናቱ እጅ ይጎርሳል። በእኛ ገበታ «የልጅ ዋጋ» የሚባል ነገር ያልኖረው ለዚህ ይመስለኛል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሰው ሁሉ ገብቶ ይበላበት ነበር ተብሎ ነው የሚነገርለት። ልጆቼን ይዤ ባለፍኩ ቁጥር ስሙን አስነብባቸዋለሁ።

ዕድሜ ዋጋ የሚኖረው በሰው ቁጥር በሚከፈልበት ቦታ ነው፦ የሆቴል ቡፌ፣ እራት ወይም ሦስቱም ማዕድ ከአልጋ ጋር የተካተተበት ቆይታ፣ ምሳ ያለበት የጉብኝት ጥቅል፣ የገና፣ የፋሲካ ወይም የዒድ ቀን የሚዘጋጅ ልዩ የበዓል ምሳ። በእነዚህ ቦታዎች ምግቡ የሚሠራው በሰው ቁጥር ነው። ወጥ ቤቱ ዛሬ 80 ሰው አለ ተብሎ ይነገረዋል፣ ለ80 ይሠራል፤ ያልተበላው ይተርፋል እንጂ ገንዘቡ አይመለስም። ሠራተኛው የእያንዳንዱን ልጅ አመጋገብ ሊመዝን ስለማይችል፣ ሳይከራከር ሊይዘው የሚችለው መስፈርት ዕድሜ ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ ሆቴል ላይ መናደድ ተውኩ። መስፈርቱ ለእነሱ ሥራ የተመቸ ነው፤ ለእኔ ቤተሰብ ይመች አይመች መመርመር ደግሞ የእኔ ፋንታ ነው።

ስለዚህ የጉዞውን ቀናት በወረቀት ጻፉና በየማዕዱ አንጻር «በሰው» ወይም «በሣህን» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ «በሰው» የሚሆነው ካሰባችሁት ያነሰ ነው።

ሁለተኛ፦ የልጁን ዕድሜ በትክክል ያዙ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እኛ «ልጄ 12 ዓመቱ ነው» ስንል አንዳንዱ 12 የሞላውን፣ አንዳንዱ 11 ጨርሶ 12ኛውን የያዘውን ማለቱ ነው። ሆቴሉ ደግሞ «እስከ 12 ዓመት ግማሽ» ብሎ ይጽፋል። 12 የሞላው ልጅ ግማሽ ከፋይ ነው ወይስ ሙሉ? ጽሑፉ ሁለቱንም ይመስላል። «12 ዓመት ያልሞላው ማለታችሁ ነው ወይስ 12 የሞላውም ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሦስት ሳምንት ልዩነት የከፈልኩት ገንዘብ ያስተማረኝ ጥያቄ ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢንተርኔት አልጋ የምትይዙ ከሆነ ቅጹ የሚፈልገው የፈረንጁን ዘመን ነው። ሐምሌ 2005 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2013 ልጅ ነው። «2005» ብላችሁ ከሞላችሁ ልጁ ላይ 8 ዓመት ተጨምሮ ጎልማሳ ሆኖ ይመዘገባል፤ የአዋቂ ምግብ ብቻ ሳይሆን የአዋቂ አልጋም ሊታሰብበት ይችላል። ከአገር የምትወጡ ከሆነ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን ብቻ ተጠቀሙ። ዕድሜውን የምትሞሉት ደግሞ ሆቴል በምትገቡበት ቀን የሚኖረውን ነው እንጂ ቦታ በያዛችሁበት ቀን ያለውን አይደለም። ልደቱ በመካከል ከዋለ ያኔ ነው ክርክር የሚመጣው።

መስመሩ ሁሉም ዘንድ አንድ እንዳልሆነም እወቁ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ብትሄዱ የልጅ ትኬት ከ2 ዓመት ጀምሮ 12 እስካልሞላው ድረስ ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ ልጅ ብሎ የሚያስከፍለው ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለው ነው፤ 10 የሞላው በምግብም በመግቢያም እንደ አዋቂ ይታሰባል። በአውሮፕላኑ ልጅ የነበረው ገበታው ላይ አዋቂ ይሆናል ማለት ነው። አገር ውስጥ ያሉ ሆቴሎች እያንዳንዱ የራሱን መስመር ስለሚያወጣ የአንዱን ለሌላው አትገምቱ፤ የአምናውንም ለዘንድሮ አትመኑ።

ሦስተኛ፦ ደውሉ፣ ከዚያም በጽሑፍ ያዙ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እኔ የምደውለው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ የምሳው ግርግር አልፎ የእራቱ አልጀመረም፣ ሰው ረጋ ብሎ ይመልስላችኋል። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከደሴ ነው የምደውለው። ሁለት አዋቂና ሦስት ልጆች ሆነን ለሦስት ሌሊት ልንመጣ ነው። ልጆቹ 15፣ 12 እና 7 ዓመት የሞላቸው ናቸው። የምግቡን አከፋፈል ልጠይቅዎት።»

ዕድሜውን መጀመሪያ ተናገሩ። ደብቃችሁ ዋጋ ጠይቃችሁ በኋላ የምታወጡት ከሆነ የሰማችሁት ዋጋ ዋጋ አይደለም። ከዚያ የሚከተሉትን አንድ በአንድ ጠይቁ።

ቁርስ ለስንት ሰው ነው ከአልጋው ጋር የሚታሰበው? ብዙ ቦታ አንድ ክፍል የሁለት ሰው ቁርስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተጨማሪ ፍራሽ ላይ የሚተኛው ልጅ ቁርሱን ለብቻው ይከፍላል። የነፃ ልጅ ካለ በአንድ አዋቂ ስንት ልጅ ነው? ሁለት ወላጅ ሦስት ልጅ ይዞ ሲመጣ ሦስተኛው ነፃ መሆኑ ይቀራል የሚሉ አሉ። የምትነግሩኝ ዋጋ ሰርቪስና ቫት ያካተተ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ያለው? ውኃ፣ ጭማቂና ሻይ ቡፌው ውስጥ ናቸው? በመጨረሻም ዋናው ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ቡፌ ሲበላ አንዷ ልጅ ከሜኑ ብቻ ማዘዝ ትችላለች?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ልጅ ትንሽ የምትበላ ከሆነ የሚያድናችሁ ግን እሱ ነው። «ይቻላል» ካሉ ልጃችሁ ያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ፓስታዋን ወይም ሾርባዋን ትበላለች፤ እናንተም ለበላችው ብቻ ትከፍላላችሁ። «አይቻልም፣ ቡፌ ክፍል የገባ ሁሉ ይከፍላል» ካሉም አውቃችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወይም ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ።

ቅናሽ መጠየቅም ነውር አይደለም። «ሦስት ሌሊት ስለምንቆይ ለ12 ዓመቷ ግማሽ ቢታሰብልን?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ይህን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ማናጀሩ ስለሆነ «ማናጀሩን ጠይቀው ይደውሉልኝ» በሉ። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ነው የምትጠይቁት፤ ቅድሚያ ክፍያ ከገባ በኋላ ልመና ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ወይም የበዓል ሰሞን እሺ የማለታቸው ነገር ጠባብ ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ግን ብዙ ጊዜ ተሳክቶልኛል።

ሲስማሙ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት አጠር አድርጋችሁ ጻፉላቸው፦ የምትገቡበት ቀን፣ የልጆቹ ዕድሜ፣ ለእያንዳንዱ የተነገራችሁ ዋጋ፣ ያነጋገራችሁት ሰው ስም። «ትክክል ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ በኋላ በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ። በስልክ የነገራችሁ ሰው እናንተ በምትደርሱበት ቀን ተረኛ ላይሆን ይችላል፤ ያ መልእክት ግን እጃችሁ ላይ አለ።

አራተኛ፦ ሒሳቡን በሙሉ ዋጋው ሥሩት

«ቡፌ 1,200» ሲባል በጭንቅላታችን የምንይዘው 1,200ን ነው። 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ከተጨመረበት ግን፣ ቫቱ የሚታሰበው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ፣ አንዱ ሰው 1,518 ብር ይሆናል። ዋጋውን በ1.265 አባዙት፤ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም።

የእኛን ቤተሰብ በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ዋጋዎቹ ለስሌት የወሰድኳቸው ናቸው። አዋቂ 1,200፣ የ7 ዓመቱ ግማሽ 600 ብር እንበል። ልጄ የአዋቂ ከከፈለች አራት ሙሉና አንድ ግማሽ፣ 5,400 ይሆናል፤ ከነታክሱ 6,831 ብር። በግማሽ ብትታሰብ 4,800፣ ከነታክሱ 6,072። ከሜኑ 350 ብር የሆነ ፓስታ ብታዝ ደግሞ ድምሩ 4,550፣ ከነታክሱ 5,755 ከ75 ሳንቲም። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት በአንድ እራት ከ1,000 ብር በላይ ነው። በሦስት ሌሊት ከ3,200 ብር ያልፋል።

አሁን ወደ 15 ዓመቱ ልጄ እንምጣ። እሱ ቀኑን ሲዋኝ ውሎ ማታ ቡፌ ሲገባ ሾርባ፣ ሩዝ፣ ጥብስ፣ ዓሣ፣ እንደገና ሩዝ፣ ከዚያ ኬክ ነው። እሱን ከሜኑ ብናስበላው ሁለት ሣህን ያዝዛል፣ ዳቦ ያስጨምራል፣ አሁንም አልጠገበም። ለእሱ የአዋቂ ቡፌ ርካሽ ነው፤ ከአባቱ ይልቅ የበላበት እሱ ነው። የአዋቂ ዋጋ ሲከፈልለትም ደስ ይለዋል፤ ሰው ሆኖ መቆጠሩ ነውና።

እንግዲህ ለቤተሰቡ በጅምላ «ቡፌ እንብላ» ወይም «አንብላ» ብላችሁ አትወስኑ። ልጅ በልጅ፣ ማዕድ በማዕድ ወስኑ።

አምስተኛ፦ የትኛውን ማዕድ በሰው እንደምትከፍሉ ምረጡ

ቁርስ ከአልጋው ጋር ከመጣ ብሉት፤ ልጆች ጠግበው ይወጣሉ፣ ምሳውም ቀለል ይላል። ለተጨማሪው ልጅ ቁርስ መክፈል ካለባችሁ ግን አስቡበት። ከሆቴሉ ወጣ ብሎ ባለ ቁርስ ቤት ፉል፣ ጨጨብሳ ወይም እንቁላል ፍርፍር በሣህን ነው፤ ሦስት ሣህን አምስት ሰው ይበቃል።

ምሳ ላይ ቡፌ አልመክርም። ቀን ልጆች መዋኘት፣ መሮጥ፣ መዞር ነው የሚፈልጉት፤ ለምሳ ሰዓት ተቀምጠው አይበሉም። ቡፌ ካስፈለገ ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ የደረሳችሁበት ቀን እራት ላይ አድርጉት። ሁሉም ርቦታል፣ ማንም ለማዘዝ አቅም የለውም፣ ምግቡም ወዲያው ይገኛል።

«ሀፍ ቦርድ» የሚሉት ቁርስና እራት፣ «ፉል ቦርድ» የሚሉት ሦስቱንም ማዕድ የያዘ ነው። የጎረመሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ ፉል ቦርድ ከመያዙ በፊት ቀኑን ሆቴሉ ግቢ ውስጥ እንደሚውል እርግጠኛ ይሁን። ቀኑን ወጥታችሁ የምትዞሩ ከሆነ ያልበላችሁትን የአምስት ሰው ምሳ ከፍላችሁ ነው የምትወጡት።

ስድስተኛ፦ ጾምን አስቀድማችሁ ተናገሩ

በወሎ ሁለቱ ጾም የሚገናኝበት ቤት ብዙ ነው፤ የእኔም አንዱ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ጎረምሳ ቡፌ ገብቶ የሚበላው የጾሙን ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ የሚከፍለው ግን የሥጋውንም ነው። በእነዚህ ቀናት በየዓይነቱ ማዘዝ ይሻላል፤ አለዚያም ሆቴሉ ለጾም የተለየ ዋጋ እንዳለው ጠይቁ። ረመዷን ላይ ቁርስና ምሳ የተካተተበት ቆይታ ለጿሚ ልጅ አይረባም። ቁርሱ በሱሁር ሰዓት ክፍል ድረስ ይምጣልን፣ እራቱ ለኢፍጣር ይድረስልን ብላችሁ ጠይቁ፤ አስቀድሞ ከተነገራቸው የሚተባበሩ ብዙ ናቸው። ሥጋውም የክርስቲያን ነው ወይስ የሙስሊም ብሎ መጠየቅ እኛ ዘንድ የተለመደ ነውና በስልኩ ላይ ጨርሱት። ቡፌ ላይ ደርሶ ሥጋ የማይበላ ልጅ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሰላጣ ይዞ ይቀመጣል።

ሰባተኛ፦ የመንገዱን ምግብ ከቤት ያዙ

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየከተማው እየወረዱ ለአምስት ሰው ማዘዝ ለሆቴሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። እናቴ የሰጠችኝ አገልግል እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ ፍትፍት፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ይዘን ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሣለን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የሐረጎን ቁልቁለት ሳትወርዱ ልጆቹን አታብሏቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ ጠመዝማዛው ላይ የሚያስመልሰው ልጅ ብዙ ነው። ክረምት ደግሞ ጉም ስላለ መኪናው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ፣ አየሩ ሞቅ ሲል፣ ጥላ ፈልጋችሁ አገልግሉን ክፈቱት።

ሩቅ የማትሄዱ ከሆነ ደግሞ የአዋቂ ዋጋ የሚባል ነገር ሳይነካችሁ ጥሩ ዕረፍት ማሳለፍ ትችላላችሁ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሐይቅ ከተማ ናት። ዓሣው የሚታዘዘው በሣህን ነው። ጎረምሳው አንድ ሙሉ ዓሣ ጥብስ ለብቻው፣ ሁለቱ ታናናሾች አንዱን ተካፍለው፣ እናት አባት አንድ ጉላሽ፤ ማንም ዕድሜ አልተጠየቀም። ሰኞ ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ገበያ ወርዳችሁ ግመሎቹን አሳይታችኋቸው ብትመለሱም እንዲሁ ነው። ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች ሲኖሩን እኔ የምወስዳቸው ወደነዚህ ነው። ሥጋ ቤት ከገባችሁ በኪሎ እዘዙ፤ ለአምስታችን አንድ ኪሎ ጥብስ ከእንጀራ ጋር በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስምንተኛ፦ ጠረጴዛው ላይ የማይደረጉ ነገሮች

ልጅን ስለ ዕድሜው አታስዋሹት። ለ1,000 ብር ብላችሁ «11 ነኝ በል» ያላችሁት ልጅ ነገ የፈተና ውጤቱን ሲቀንስላችሁ ወይም ሲጨምርላችሁ የምትሉት አይኖርም። ሠራተኛውም የልጁን ፊት አይቶ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ለእናንተ አፍሮ ነው።

ከቡፌ የወሰዳችሁትን ያልከፈለ ልጅ ሣህን ላይ አታካፍሉ። ዳቦና ሙዝም ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ከሜኑ በታዘዘው ግን የተረፈውን «ጠቅልሉልኝ» ማለት መብታችሁ ነው፤ ጎረምሳ ያለበት ቤት ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደገና ይርበዋልና ይጠቅማል።

ከሁሉም በላይ «ከፍዬበታለሁ፣ ብላ!» አትበሉ። የአዋቂ ከተከፈለለት በኋላ ከሆዱ በላይ እንዲበላ የተገደደ ልጅ ሌሊቱን ሲያስመልስ አድሮ የማግሥቱ ቀን ይበላሻል። በተለይ 12፣ 13 ዓመት ላይ ያሉ ሴት ልጆች ሰውነታቸው እየተለወጠ ስለሆነ በሰው ፊት ስለ አበላላቸው ሲነገር ይጎዳቸዋል። «ይህ ሁሉ ተከፍሎ ይህን ብቻ?» የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ ልጄ ሰምታዋለች፤ በማግሥቱ ቁርስ አልበላችም። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የእኛ የወላጆች ጉዳይ እንደሆነ፣ እሷ ያማራትን ያህል ብቻ እንድትበላ ነግሬያታለሁ።

ለጎረምሶቹ ግን ሒሳቡን ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ አሳዩአቸው። እኔ የ15 ዓመቱን ልጄን ወረቀት ይዞ በ1.265 እያባዛ እንዲያሠላ አደረግሁት፤ «ምሳውን ውጭ እንብላና በተረፈው ጀልባ እንሳፈር» ያለው ራሱ ነው። ትንሹ ከዚህ ነገር ውጭ ይሁን፣ 7 ዓመት ስለ ሒሳብ የሚታሰብበት ዕድሜ አይደለም።

ዘጠነኛ፦ ከመውጣታችሁ በፊት ደረሰኙን መርምሩ

የመጨረሻውን ቀን ጠዋት አትጠብቁ። ዋዜማው ማታ ከእራት በኋላ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ እስካሁን ያለውን ሒሳብ አትሙልኝ በሉ። የምታዩት አራት ነገር ነው፦ የልጁ ማዕድ በስንት ዋጋ እንደገባ፣ ያልበላችሁት ማዕድ እንዳልተቆጠረ፣ ከአልጋው ጋር የነበረው ቁርስ ሁለተኛ እንዳልተጻፈ፣ ሰርቪስና ቫት ባካተተ ዋጋ ላይ እነሱው እንደገና እንዳልተጨመሩ።

ስሕተት ካገኛችሁ በጽሑፍ የያዛችሁትን መልእክት አውጡና ልጆቹን ክፍል ትታችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ አሳዩ። «የኔ እህት፣ በዚህ ቀን እንዲህ ተስማምተን ነበር፤ እስቲ ይመልከቱልኝ» ማለት ይበቃል። እኔን ከገጠመኝ ውስጥ አብዛኛው በአምስት ደቂቃ ተስተካክሏል፤ ተረኛው የተስማማነውን ስላልነገሩት ነው እንጂ ሊወስድብን ፈልጎ አልነበረም። መልእክት ከሌላችሁ ግን የተለጠፈውን ዋጋ ከፍላችሁ ውጡ።

ቤት ስትመለሱ የሆቴሉን ስም፣ የዕድሜ መስመሩንና የከፈላችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ የልጆቻችሁን የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ። የእኛ ትንሹ 12 የሚሞላው መስከረም ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው ነሐሴ ዕረፍት እንወጣለን ብለን ከአሁኑ ጽፈነዋል።